ጥርስዎ ከመነቀሉ በፊት የሐኪሙን ቃል ይረዱ

በአዲስ አበባ፣ በቂሊንጦና በአካባቢው፣ ጥርሱን የታመመ ሰው ክሊኒክ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌላውን ሁሉ ሞክሮ ሲያበቃ ነው። ቅርንፉድ ነክሶ፣ ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ ገዝቶ፣ ሌሊቱን ጉንጩን ይዞ አንግቶ፣ ሲብስበት ይሄድና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል «ይነቀልልኝ» ይላል። ሐኪሙ አፉን አይቶ ለረዳቱ «ሦስት ስድስት፣ ዲፕ ካሪየስ፣ ፐርከሽን ፖዘቲቭ» ይላል፤ ራጅ ያዛል፤ ፊልሙን አይቶ «አር ሲ ቲ ቢሠራለት ይተርፋል» ይላል። ከዚህ ሁሉ ታካሚው የሚገባው ዋጋው ብቻ ነው። ዋጋው ደግሞ ከንቅለት ይበልጣል። ስለዚህ ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችል የነበረ መንጋጋ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያች ቅጽበት ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በፈረቃ ለሚሠራው፣ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ለሚማረው፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጆች ለሚያሳድገው። ውሳኔው የእርስዎ ስለሆነ ቃሎቹም የእርስዎ መሆን አለባቸው።

መጀመሪያ ሕመሙን በአማርኛ በትክክል ይናገሩ

«ጥርሴን አሞኛል» ብቻ ማለት ለሐኪሙ ብዙም አይነግረውም። ካርድ ከማውጣትዎ በፊት ሕመሙን ለራስዎ ይለዩት፤ ከራጁ በፊት ምርመራውን የሚመራው የእርስዎ ቃል ነው።

ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ጣፋጭ ሲነካው ይነዝርና ወዲያው የሚተው ከሆነ እንደዚያው ይበሉ። ሐኪሙ ምናልባት «ሪቨርሲብል ፐልፓይቲስ» ብሎ ይጽፋል፤ የጥርሱ ነርቭ ተቆጥቷል፣ ነገር ግን ምክንያቱ ቢወገድለት ይመለሳል ማለት ነው። ሙሌት ሊበቃው ይችላል። ቀዝቃዛው ወይም ትኩሱ ከተነሣ በኋላም ሕመሙ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ፣ ሳይነኩት በራሱ የሚነሣ፣ ሌሊት ሲተኙ የሚጠዘጥዝ ከሆነ ደግሞ ይህን ሳይዘሉ ይንገሩት። ይህ «ኢሪቨርሲብል ፐልፓይቲስ» የሚባለው ነው፤ ነርቩ የማይመለስበት ደረጃ ደርሷል፣ ሙሌት ብቻውን አያድነውም። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ መዘግየት ነው።

ሲነክሱበት ብቻ የሚወጋ፣ ጥርሱ ከሌሎቹ ከፍ ያለ የሚመስልዎት ከሆነ ችግሩ ወደ ሥሩ ጫፍ ሄዶ ወይም ጥርሱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ በመስተዋቱ እጀታ ጥርሱን ቀስ አድርጎ መታ መታ ሲያደርግ የሚፈልገው ይህንን ነው። «ፐርከሽን» የሚለው ያንን መታ መታ ማድረግ ነው፤ «ፖዘቲቭ» ካለ ሲመታ አሞዎታል ማለት ነው።

አንድ ነገር በተለይ ልብ ይበሉ። ለሳምንት ያሠቃየ ጥርስ አንድ ቀን ጠዋት ድንገት ዝም ሊል ይችላል። ብዙ ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ቀጠሮውን ይተዋል። ያ ዝምታ አብዛኛውን ጊዜ ነርቩ ሞተ ማለት ነው፤ ካርዱ ላይ «ኔክሮሲስ» ተብሎ ይጻፋል። ተሐዋስያኑ ግን በሥሩ ቦይ ወደ አጥንቱ ጉዟቸውን ይቀጥላሉ፤ ከወራት በኋላ እብጠት ሆነው ይመለሳሉ።

ከዚያ ቁጥሩን ያንብቡ

ሐኪሙ የሚጠራው ቁጥር ጥርስዎን ከአንድ እስከ ሠላሳ ሁለት ቆጥሮ የደረሰበት አይደለም። ሁለት የተለያዩ አኃዞች ናቸው፤ «36» ሲጻፍ «ሦስት፣ ስድስት» ተብሎ ይነበባል። ዓለም አቀፉ የጥርስ ሕክምና ፌዴሬሽን ተቀብሎ ያሰራጨው አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው አኃዝ የአፍዎን አራት ክፍሎች ይነግራል። በራስዎ ቀኝ ላይኛው 1፣ ግራ ላይኛው 2፣ ግራ ታችኛው 3፣ ቀኝ ታችኛው 4። ሁለተኛው አኃዝ ከመሐል ጀምሮ ወደ ኋላ የሚቆጠር ነው፤ 1 እና 2 የፊት ጥርሶች፣ 3 ክራንቻ፣ 4 እና 5 ትንንሽ መንጋጎች፣ 6፣ 7 እና 8 ትልልቅ መንጋጎች። ስለዚህ 36 በግራ በኩል ታች ያለው የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ነው። 8 የመጨረሻው መንጋጋ፣ ሐኪሞች «ዊዝደም» የሚሉት ነው። የወተት ጥርስ ከሆነ የመጀመሪያው አኃዝ ከ5 እስከ 8 ይሆናል፤ በልጅዎ ካርድ ላይ 85 ካዩ በቀኝ በኩል ታች ያለው ሁለተኛው የወተት መንጋጋ ነው።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? የላይኛው መንጋጋ ሕመም በታችኛው ላይ ሊሰማ ይችላል፤ ታካሚው በጣቱ የሚያሳየው ጥርስና የታመመው ጥርስ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። መርፌ ከመወጋትዎ በፊት «የትኛው ቁጥር ነው?» ብለው ይጠይቁ፣ መስተዋት ይያዙ፣ ሐኪሙ ጥርሱን ነክቶ ያሳይዎት። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም ይወደዋል።

ጉድጓዱ የት ደርሷል?

ካሪየስ ወይም ካሪስ ሲባል የሚሰሙት ጥርስ መበላት ነው። በሕዝባችን ዘንድ ትል ይበላዋል የሚል እምነት አለ፤ ጥርስ ውስጥ ግን ትል የለም። በአፋችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱ ጥርሱን ያሟሟዋል። በጭስ «ትል አወጣሁ» የሚል ሰው ጊዜዎን ይወስዳል፣ ጉድጓዱ ግን አይቆምም።

ጥርስ ሦስት እርከን አለው። የላይኛው ነጩ ጠንካራ ሽፋን ኢናሜል ነው፤ ነርቭ ስለሌለው እዚያ ብቻ ያለ ጉዳት አይታመምም። ሕመም ባይኖርም ለምርመራ መሄድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ቀጥሎ ዴንቲን ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ሲያገኘው የሚነዝር። መሐል ላይ ፐልፕ፣ ሰው በተለምዶ «ነርቭ» የሚለው፣ ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ክፍል ነው። ፐልፑ በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ ስለሆነ ሲያብጥ የሚሰፋበት ቦታ የለውም፤ የሌሊቱ ጥዝጣዜ ያን ያህል የሚከፋው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ «ዲፕ ካሪየስ» ሲባል ጉድጓዱ ዴንቲኑ ውስጥ ጠልቆ ወደ ፐልፑ ተጠግቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ፐልፑን ነክቶታል ወይስ አልነካውም?» የሚቀጥለው ሕክምናና ወጪ በሙሉ በዚህ መልስ ላይ ይንጠለጠላል።

መልሱን ለማግኘት ራጅ ያስፈልጋል። ሁለት ዓይነት ይታዘዛል። «ፔሪአፒካል» አፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ፊልም ናት፤ ጥቂት ጥርሶችን ከነሥራቸው ታሳያለች። «ኦ ፒ ጂ» ወይም ፓኖራሚክ ደግሞ ቆመው ማሽኑ በጭንቅላትዎ ዙሪያ የሚዞርበት፣ ሁሉንም ጥርስና መንጋጋ በአንድ ፊልም የሚያወጣ ነው፤ ለመጨረሻው መንጋጋ ንቅለት፣ ለስብራትና ለጥርስ ማስተካከያ ይታዘዛል። ፊልሙ ላይ ብረትና ኢናሜል ነጭ፣ ጉድጓድ ጠቆር ያለ ሆኖ ይታያል። በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ጥቁር ክብ ካለ አጥንቱ ተበልቷል። «እስቲ ያሳዩኝ» ይበሉ፤ ያን ጥቁር ክብ በዓይኑ ያየ ሰው ቀጠሮውን አይተውም። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ከተጠራጠሩ ከራጁ በፊት ይናገሩ።

መሙላት፣ ሥሩን ማከም ወይም መንቀል

ሙሌት ፐልፑ ላልተነካ ጥርስ ነው። ኮምፖዚት የጥርስ ቀለም ያለው፣ በሰማያዊ መብራት የሚደርቅ ነው። አማልጋም ብርማ ነው። ጂ አይ ሲ የሚባለው ፍሎራይድ የሚለቅ፣ ለልጆች ብዙ ጊዜ የሚመረጥ ነው። «ቴምፖራሪ» ከተባሉ ጊዜያዊ ነው፤ ክሊኒኩ ውስጥ የሚሸትዎት የቅርንፉድ ሽታ ከዚሁ ነው፤ ብዙዎቹ ጊዜያዊ መሙያዎች ከቅርንፉድ በሚገኘው ዩጂኖል ስለሚሠሩ። ጊዜያዊ ሙሌት ሕመሙን ካስታገሰልዎ በኋላ ሳይመለሱ ወራት ካለፉ ይፈረካከሳል፣ ጥርሱም ከበፊቱ የባሰ ይሆናል።

አር ሲ ቲ፣ በሙሉ ስሙ ሩት ካናል፣ የጥርስ ሥር ሕክምና ነው። ሰው የሚፈራው ስለማያውቀው ይመስለኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገርዎት። ሐኪሙ በማደንዘዣ ካደነዘዘ በኋላ ከጥርሱ አናት ቀዳዳ ይከፍትና የታመመውን ወይም የሞተውን ፐልፕ በቀጫጭን ፋይሎች ያወጣል። የሥሩን ቦይ ርዝመት በራጅ ወይም በመሣሪያ ይለካል። ከዚያ ቦዩን ደጋግሞ ያጥባል፤ በዚህ ጊዜ በረኪና የሚመስል ሽታ ይሸትዎታል፣ ማጠቢያው በእርግጥም ከበረኪና ጋር አንድ ዓይነት ውሕድ ነው፤ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ጥርሱን ብቻ የሚያሳይ የላስቲክ ሽፋን ቢጋረድ ተመራጭ ነው። በመጨረሻ ቦዩ ጉታ ፐርቻ በሚባል ጎማ መሰል ነገር ይደፈናል። የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦይ አለው፤ የላይኛው ትልቁ መንጋጋ ግን ሦስት ወይም አራት። መንጋጋ ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስደውና የሚወደደው ለዚህ ነው። በአንድ ቀንም ሊያልቅ፣ ሁለት ሦስት ቀጠሮም ሊፈልግ ይችላል። መሐል ላይ ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ የሚያቋርጥ ሰው በጣም ብዙ ነው፤ ያልተደፈነ ቦይ ግን ተመልሶ ይመረቅዛል።

ሥሩ የታከመ መንጋጋ ሊሰበር ይችላል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ «ክራውን» ይታዘዛል፣ ጥርሱ ላይ የሚለበስ ቆብ ነው። ቆሎና አጥንት የሚቆረጥምበት ጥርስ ከሆነ ክራውኑን አይለፉት። ዋጋ ሲጠይቁ «ከክራውኑ ጋር ነው ወይስ ያለ ክራውን?» ማለትን አይርሱ፤ ብዙ ቅያሜ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ንቅለት ወይም «ኤክስትራክሽን» የሚቀረው ጥርሱ ከድድ በታች ሲሰበር፣ ሥሩ ሲሰነጠቅ፣ አጥንቱ አልይዝ ሲለው ወይም ሌላው ሕክምና ከአቅም በላይ ሲሆን ነው። አቅም እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ነገር ግን የተነቀለው ቦታ ባዶ ሲቀር ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ይዘማሉ፣ ከላይ ያለው ይወርዳል። ለመተካት የሚነሡት ቃላት ሦስት ናቸው። «ዴንቸር» የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። «ብሪጅ» የግራና የቀኝ ጥርሶችን ሞርዶ በእነሱ ላይ የሚደገፍ ቋሚ ጥርስ ነው። «ኢምፕላንት» ደግሞ አጥንት ውስጥ የሚተከል የታይታኒየም ብሎን ነው፤ ወራት ይፈልጋል፣ ከሦስቱም ውዱ ነው። እነዚህን ሁሉ ከደመሩ ጥርሱን በጊዜ ማከም ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ከማደንዘዣው በፊት የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ ስኳር፣ አስም፣ የሚወስዱትን ደም ማቅጠኛ መድኃኒትና እርግዝና ካለ ይንገሩ። ሊዶኬይን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አድሬናሊን ስላለ ልብዎ ለደቂቃዎች ድንግጥ ድንግጥ ቢል አይሸበሩ። ከንፈር ለሁለት ሦስት ሰዓት ይደነዝዛል፤ ልጅ ከሆነ ከንፈሩን አኝኮ እንዳያቆስል አጠገቡ ይሁኑ።

ከንቅለት በኋላ ቁስሉ ላይ የሚደረግልዎትን ጎዝ ግማሽ ሰዓት ያህል አጥብቀው ነክሰው ይቆዩ። ለ24 ሰዓት አይጉመጥመጡ፣ ደጋግመው አይትፉ፣ በስትሮ አይጠጡ፣ አያጭሱ፣ አረቄም ሆነ ትኩስ ቡና አይጠጡ። ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም ቁስሉን የሚሸፍነው ስለሆነ መነሣት የለበትም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ወደ ጆሮ የሚወጋ ከባድ ሕመምና መጥፎ ሽታ ከመጣ «ድራይ ሶኬት» ነው፤ የደሙ ሽፋን ተነሥቶ አጥንቱ ተጋልጧል። ቤት ተቀምጠው ማስታገሻ አይጨምሩ፣ ይመለሱና ይታጠብልዎ። ከንቅለቱ አንድ ቀን በኋላ ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ ጥሩ ነው።

እብጠት ከመጣ

«አብሰስ» መግል የቋጠረ እብጠት ነው። እዚህ ላይ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል በራስ ገዝቶ መዋጥ በጣም የተለመደ ነው። እብጠቱ ይቀንሳል፣ ምንጩ ግን ጥርሱ ውስጥ እንዳለ ነው፤ መድኃኒት የሞተ ፐልፕ ውስጥ በደም አማካይነት መግባት አይችልም። መግሉ መውጣት፣ ጥርሱ መታከም ወይም መነቀል አለበት። ነጭ ሽንኩርት ወይም አስፕሪን ድዱ ላይ መለጠፍ ድዱን ያቃጥለዋል፣ ሌላ ምንም አይሠራም።

እብጠቱ ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ከወረደ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ምላስ ከፍ ከፍ ካለ፣ ትኩሳት ካለ ወይም መተንፈስ ከከበደ የቀጠሮ ጉዳይ አይደለም። «ሉድቪግ አንጃይና» የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ የመተንፈሻ ቱቦን ይዘጋል፣ ይገድላል። እሑድም ይሁን ሌሊት፣ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወይም በቅርብ ወደሚገኝ ሆስፒታል ይሂዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ካርድዎ ላይ «ማክሲሎፋሻል» ተብሎ ሪፈር ቢጻፍ የአፍ፣ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ማለት ነው፤ የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ይህን ሕክምና ይሰጣሉ።

የድድ ቃላት

ሐኪሙ ድድዎን በቀጭን መለኪያ እየነካ «ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት» ሲል በድዱና በጥርሱ መካከል ያለውን ኪስ በሚሊ ሜትር እየለካ ነው። እስከ 3 ድረስ ደህና ነው፤ 4 እና ከዚያ በላይ ድዱ ከጥርሱ ተላቅቋል ማለት ሊሆን ይችላል። «ፕላክ» በየቀኑ የሚሰበሰበው ለስላሳ ቆሻሻ፣ «ካልኩለስ» ወይም ታርታር ደግሞ የደነደነው ነው፤ ያ በመፋቂያም በብሩሽም አይወጣም። «ጂንጂቫይቲስ» ሲፍቁ የሚደማ፣ ቢታጠብና ቢጠበቅ የሚድን ድድ ነው። «ፔሪዮዶንታይቲስ» ግን አጥንቱን የበላ ነው፤ ማስቆም ይቻላል፣ የሄደውን አጥንት መመለስ ግን ከባድ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይበረታል።

«ስኬሊንግ» እኛ ጥርስ ማሳጠብ የምንለው ነው። ጥርስ ያነቃንቃል የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አስቀርቷል። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ አጥንት ያጣውን ጥርስ ታርታሩ እንደ ሲሚንቶ ይዞት ይቆያል፤ ሲነሣ ቀድሞ የነበረው መነቃነቅ ይገለጣል። የነቀነቀው እጥበቱ አይደለም፣ ለዓመታት የቆየው ታርታር ነው።

የልጆች ጥርስና ቡናማው ቀለም

ወላጆች አንድ ነገር ይወቁልኝ። ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆን ከወተት መንጋጎች በስተኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ አንድ ትልቅ መንጋጋ ይበቅላል። ያ ጥርስ ቋሚ ነው፤ ቁጥሩ 16፣ 26፣ 36 ወይም 46። «የወተት ነው፣ ይወልቃል» ተብሎ ሲበላ ዝም ስለሚባል በአሥራ ሁለት ዓመቱ የተነቀለበት ልጅ ብዙ ነው። «ፊሸር ሲላንት» ቢባሉ የመንጋጋውን ጭረቶች የሚሸፍን ቀጭን ቅብ ነው፤ ልጁን አያሳምመውም፣ ይጠቅመዋል። ሕፃን ሲያስቀምጠው ግግ ማስወጣት ደግሞ ከሥሩ ያለውን የቋሚ ክራንቻ ቡቃያ ይጎዳል፤ ተቅማጡን ግን አያቆመውም። ለተቅማጡ የሚሻለው ኦ አር ኤስና ጤና ጣቢያ ነው።

ከወንጂ፣ ከመተሐራ ወይም ከዝዋይ ተነሥተው ወደዚህ የመጡ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ነው። ሐኪሙ «ፍሎሮሲስ» ካለዎት ጥርስዎ ቆሽሾ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ስለሚበልጥ፣ ጥርሱ በልጅነት ሲሠራ የገባበት ነው። በብሩሽ ወይም በከሰል ፍቀው ለማጥፋት አይሞክሩ፤ ኢናሜሉን ብቻ ያሳሱታል። ቀለሙ ካስጨነቀዎት ብሊች፣ ኮምፖዚት ወይም «ቪኒር» የሚባል የፊት ልባስ አለ፤ ሐኪሙን ያማክሩ።

ከወንበሩ ሳይነሡ

የጥርሱን ቁጥርና የበሽታውን ስም ካርዱ ላይ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። ቀጥሎ «ዛሬ ባይሠራ ምን ይሆናል? እስከ መቼ መጠበቅ እችላለሁ?» ይበሉ፤ ደመወዝ እስኪደርስ የሚጠብቅ ጥርስና የማይጠብቅ ጥርስ የሚለዩት በዚህ መልስ ነው። ዋጋውን ከነቀጠሮዎቹ፣ ከነራጁ በጽሑፍ ይቀበሉ። የጤና መድን ካለዎት የትኛው ሕክምና እንደሚሸፈን ካርድ ክፍል አስቀድመው ያጣሩ፤ ሰው ሠራሽ ጥርስና ንቅለት አንድ ላይ አይታዩም። ሐኪሙ ንቅለት ካለና ልብዎ ካልተቀበለው፣ ሕመሙን የሚያስታግስ ነገር አስደርገው ፊልሙን ይዘው ሌላ ሐኪም ያሳዩ። ፊልሙን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት፣ ቀጣዩ ሐኪም እንደገና ራጅ ከማዘዙ በፊት ያሳዩት።